ስለ ተከዜ ወንዝና በዳርቻው ስለሚኖረው የዋግ ኽምራ ሕዝብ

በግእዝ ቋንቋ «ተከዚ» ማለት ወንዝ ማለት ነው። ታላቁ የሰሜን ኢትዮጵያ ውኃ በዚህ ስም መጠራቱ፣ ቃሉ ከዚህ ወንዝ ወደ ሌሎች ወንዞች የተላለፈ ቢሆንም ከወንዞች ሁሉ ለዚህ ለአንዱ ተለይቶ የተሰጠ ቢሆንም፣ ተከዜ በጥንት ሰዎች ዘንድ የወንዞች አውራ ሆኖ ይታይ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ለዋግ ሰዎች ተከዜ ለብዙ ዘመን የሚሻገሩት ወሰን እንጂ የሚጓዙበት መንገድ አልነበረም። የአገሩ ሰው በጀልባ ተቀምጦ ከመንደር ወደ መንደር መሄድ የቻለው በቅርብ ጊዜ፣ ግድብ ተሠርቶ በሸለቆው ውስጥ ሐይቅ ከተኛ ወዲህ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የወንዙ ጠባይ፣ በዳርቻው ያለው ሕዝብ፣ አራዊቱና ቅርሱ፣ እንደዚሁም ወሰን የነበረው ውኃ መንገድ በሆነ ጊዜ የተገኘውና የጠፋው ነገር ይገለጻል።

የወንዙ አካሄድና ጠባይ

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይመነጫል። በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ቀጥሎም በስሜን ተራሮችና በዋግ መካከል ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ከዚያም እንደገና ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ሆኖ ጥቂት ከሄደ በኋላ ወደ ሱዳን ይገባል። በታችኛው ክፍሉ ሰቲት ይባላል። በሱዳን ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራም ዓባይ ወደ ባሕር ከመድረሱ በፊት የሚቀበለው የመጨረሻው ገባር ነው። የተከዜ ርዝመት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሸለቆው በአንዳንድ ስፍራ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ጥልቀት አለው። ከምሥራቅ በኩል ፀላሪ፣ ግባና ወርዒ የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል።

የወንዙ ጠባይ እንደ ወራቱ ይለዋወጣል። የዓመቱ ውኃ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት፣ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ነው። በበጋ ግን ውኃው እየሳሳ ሄዶ በድንጋይና በአሸዋ መካከል የሚያልፍ ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል። የዚህን ለውጥ ታላቅነት ሳሙኤል ቤከር የሚባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1861 በታችኛው አገር በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ የወንዙ ቦይ እዚህና እዚያ ከቀሩት ኩሬዎች በቀር ደረቅ አሸዋ ነበር። በጁን 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በነጋው ቤከር ቆሞ የተመለከተው ስፋቱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ታላቅ ወንዝ ነበር። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ዝናብ ወዳልነበረበት በረሃ በአንድ ሌሊት ደረሰ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ወንዝ ከመንገዶች ሁሉ የቀደመ መንገድ የሆነበት አገር ብዙ ነው። በሕንድ የጋንጅስና የብራህማፑትራ ወንዞች በሜዳ ላይ ቀስ ብለው ስለሚፈሱ፣ ሰውና ሸቀጥ ከጥንት ጀምሮ በእነርሱ ላይ ይመላለስ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እስከ አሳም ድረስ ይወጡ ነበር። ዛሬ በዚያው ውኃ ላይ ጎብኝዎች በመርከብ ተቀምጠው ባለ አንድ ቀንዱ አውራሪስ የሚኖርበትን የካዚራንጋን ፓርክ፣ በማጁሊ ደሴት ላይ ያሉትን የሂንዱ ገዳማትና በዳር ያሉትን መንደሮች ይመለከታሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከቫራናሲ ከተማ የተነሣች አንዲት መርከብ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ዲብሩጋር ደርሳለች። ተከዜ ግን ከደጋ ወደ ቆላ በአጭር ርቀት የሚወረወር፣ በክረምት ድንጋይ የሚያንከባልል፣ በበጋ ደግሞ ጀልባ ሊሸከም የማይችል ውኃ ነው። የጣና ሰው ከደንገል ታንኳ ሠርቶ በሐይቁ ላይ ሲመላለስ፣ የዋግ ሰው ዓይኑን ከውኃው ርዝመት ይልቅ በውኃው ስፋት ላይ እንዲያሳርፍ ያደረገው ይህ የወንዙ ጠባይ ነው። ወንዙን የሚያውቀው በመሻገሪያው ነበር።

ወሰንነቱ በጥንት ዘመን

የተከዜ ወሰንነት በድንጋይ ላይ ተጽፎ የቆየ ነገር ነው። በአዱሊስ ወደብ የቆመውንና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት የገለበጠውን የግሪክኛ ጽሑፍ ያስጻፈው የአክሱም ንጉሥ፣ ከወንዙ ማዶ በረዶ በሚጥልባቸው አስቸጋሪ ተራሮች የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። ጽሑፉ ወንዙን ናይል ቢለውም፣ ሊቃውንት ተከዜ መሆኑን ተረድተውታል። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከልም የአገው ስም ይገኛል።

ከዚህም በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ዔዛና በኖባ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው ጽሑፍ፣ እነዚህ ሰዎች ንጉሡ ተከዜን አይሻገርም እያሉ ይታበዩ እንደ ነበረ፣ እርሱ ግን ከማልኬ በተባለው መሻገሪያ እንደ ተዋጋቸው ይተርካል። በዚህ ቃል ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ጠላት የተመካው በምሽግ ሳይሆን በወንዙ ነው፤ ንጉሡም ድሉን ሲያስጽፍ የመሻገሪያውን ስም ሳይተው አስቀርጾታል። ወንዝን መሻገር ራሱን የቻለ የጀግንነት ሥራ ሆኖ ተቈጥሯል ማለት ነው።

ሰቆጣና የዋግ ሕዝብ

ዋግ የአገው ሕዝብ አገር ነው። ሕዝቡ ራሱን ኽምራ፣ ቋንቋውንም ኽምጣንጛ ይለዋል። ይህ ቋንቋ በምዕራብ ጎጃም ከሚነገረው ከአውንጊ፣ በኤርትራ ከሚነገረው ከብሊንና ተናጋሪዎቹ እጅግ ካነሱት ከቅማንት ቋንቋ ጋር ወንድማማች ነው። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ የአበርገሌውን አነጋገር በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1904 ጥናት አሳትመውለታል። በዛሬው ጊዜ በዋግ ኽምራ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግእዝ ፊደል ተጽፎ ይሰጣል።

የአገሩ ገዥ ዋግሹም ይባል ነበር፤ ይኸውም የዋግ ሹም ማለት ነው። በአገሩ እንደሚተረከው ዋግሹሞች የዛጔ ነገሥታት ዘሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1270 መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ በተመለሰ ጊዜም የአባቶቻቸውን አገር ይዘው ቀርተዋል። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሳም በተደረገው ጦርነት ኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት በካሣ ምርጫ ድል እስኪሆኑ ድረስ ገዝተዋል።

የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት የጨው ገበያ ታላቅ ስፍራ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የሚወጣው አሞሌ በዚህ ተራግፎ፣ ከደቡብ የሚመጡ ነጋዴዎች በሌላ ሸቀጥ ይለውጡት ነበር። አሞሌ የወጥ ጨው ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም የሚቈጠር ስለ ነበረ፣ ሰቆጣ ለብዙ አገሮች የገንዘብ በር ነበረች ለማለት ይቻላል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህ ሕንፃ የላስታና የዋግ ድንጋይ ጠራቢዎች ጥበብ አንድ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚያልፈው ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝም ውኃውን የሚልከው ወደ ተከዜ ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ

ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ በጥቂት ቀን ጉዞም ብዙ አገር ያያል። በላይ ገብስና ጤፍ የሚዘራባቸው፣ በድንጋይ እርከን የተደገፉ ማሳዎች አሉ። ገደሉ ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ ይታያል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ማሽላ እየበዛ፣ ቤቶች እየራቁ፣ ፍየልም ከበግና ከከብት ይልቅ እየበረከተ ይሄዳል። በአበርገሌ ስም የሚጠራው የፍየል ዘር የዚህ የቆላ አገር ሀብት ነው። በዚያ ባሉት ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል፤ ቅርፊቱ ተገርፎ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ በቤተ ክርስቲያንም በቡና ላይም የሚታጠነው ነው። የዕጣን ዛፍ ቅጠሉን በበጋ አራግፎ ራቁቱን ስለሚቆም፣ አገሩን የማያውቅ ሰው የሞተ ይመስለዋል። ንብ ማነብም ለደጋውና ለቆላው የጋራ ሥራ ሲሆን፣ የዋግ ማር የታወቀ ነው።

ከሁሉ በታች ሮቃና ቁርቁራ በሚያጠሉት ዳርቻ ላይ ወንዙ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲሄድ ተከዜን ተሻግሮ፣ ጉማሬና አዞ ያለበት መሆኑን ጽፏል። ሁለቱም አራዊት እስከ ዛሬ በወንዙ ይኖራሉ። ማዶ የሚታዩት የስሜን ተራሮች ሲሆኑ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን በዚያ ነው፤ ዋልያ የሚባለው የተራራ ፍየልም በዓለም ላይ ከዚያ በቀር አይገኝም። ወንዙ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሲወርድ በዋልድባ ገዳም አገር በኩል ያልፋል፤ በዚያ ያሉ መነኰሳት እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ እየበሉ በመኖር የታወቁ ናቸው። ከዚያም በታች ዝሆን የሚገኝበት የካፍታ ሽራሮ ፓርክ አለ። እንግዲህ ተከዜ በአንድ ጉዞ ከዋልያ እስከ ዝሆን፣ ከፍልፍል ቤተ ክርስቲያን እስከ ገዳም የሚያደርስ ወንዝ ነው፤ ያልነበረው ነገር በውኃው ላይ ሊሄድ የሚችል ሰው ብቻ ነበር።

በዚህ የቆላ ክፍል ሰው እንዳይበዛ የከለከለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። የደጋ ሰው ከሁሉ አብልጦ ይፈራው የነበረው ንዳድን ነው። ስለዚህ ብዙ መንደሮች በሽታው በማይደርስበት ከፍታ ላይ ተሠርተው፣ ሰዎች ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ብቻ ወደ ታች ይወርዱ ነበር።

የመሻገር ልማድ

የቆላውና የማዶው ሰው ግንኙነት በወራት የተለካ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ከመስከረም በኋላ ውኃው ሲጎድል ነጋዴው አህያውን ጭኖ፣ ዘመድም ዘመዱን ሊጠይቅ ይሻገራል። የሠርግና የገበያ ቀጠሮ ውኃውን አይቶ ይቀጠር ነበር። መሻገሪያ የሚባለው ስፍራ ወንዙ ሰፍቶ፣ ውኃው ሳስቶ፣ ከታች ያለው መሬት ጸንቶ የሚገኝበት ነው፤ ይህም ከክረምት ወደ ክረምት በጎርፍ ስለሚለዋወጥ፣ መሻገሪያ ማወቅ በየዓመቱ የሚታደስ ትምህርት ነበር። በሌሎች የኢትዮጵያ ቆላ ወንዞች እንደ ተለመደው ሁሉ፣ ውኃውን የሚያውቅ ሰው በፊት እየመራ፣ ሌሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይከተሉታል። ስለዚህ የመሻገሪያ ዕውቀት ያለው ሰው በአገሩ የተከበረ ነበር።

ወንዙ ሰውን ቢለይም ልማዱን አልለየም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ አምረውና ተሽሞንሙነው እየዘፈኑ ይጫወታሉ። የበዓሉ ስም የመጣው ከዚሁ ቅጠል ነው። ይኸው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ የሚከበር በዓል በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል። በዓሉ የሚውለው ወንዞች በሞሉበት፣ መሻገሪያዎች በተዘጉበት ወራት ነው። ልጃገረዶቹ በየዳሩ ቆመው ሳይተያዩ አንድ ዓይነት በዓል ያከብራሉ ማለት ነው። እንደዚሁም አበርገሌ የሚባለው አገር በአማራና በትግራይ አስተዳደር ለሁለት ቢከፈልም፣ በሁለቱም በኩል ስሙ አንድ ነው።

ለዋግ ሕዝብ ይህ ግንኙነት የጨዋታ ነገር ብቻ አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው ክፉ ቀን፣ ቀጥሎም በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የተከሠቱት ረኃቦች ሰሜን ወሎንና ዋግን ክፉኛ ጐድተዋል። ዝናብ በቀረ ጊዜ ወንዝ ተሻግሮ ዘመድ ወዳለበት መሄድ ነፍስን የማዳን መንገድ ነበር። ስለዚህ መሻገሪያን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሐይቁ

በተከዜ ገደል ውስጥ ቁልቁል መጓዝ እንደሚቻል ያሳዩት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊ የመራው ጓድ ክረምቱ ሲያበቃ ውኃው ሳይጎድል በጎማ ጀልባ ወንዙን ወርዶታል። ይህ ግን የጀብዱ ጉዞ እንጂ የአገሩን ሰው ኑሮ የሚለውጥ ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከግድቡ ጋር ነው። በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ እንደ ቀስት የጎበጠ የኮንክሪት ግድግዳ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ግድቦች ሁሉ በቁመት የላቀ ነበር። 300 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከኋላው የተኛው ሐይቅ ሲሞላ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል፤ ገጹም ከባሕር ወለል በላይ 1,140 ሜትር ይደርሳል። ሐይቁ በሸለቆው ውስጥ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ወደ ዋግ ኽምራ ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ወረዳዎች ገብቷል።

በዚህ ጊዜ ለአገሩ ሰው አዲስ ሥራ ተከፈተ። በፊት ወንዙን በፍርሃት ይመለከቱት የነበሩ መንደሮች ወጣቶች መረብ መጣልና ጀልባ መቅዘፍ ተማሩ፤ በማኅበር ተደራጅተውም ቀረሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች እያጠመዱ ወደ ሰቆጣና ወደ ሌሎች ከተሞች ላኩ። ዓሣ በደጋው ብዙ የማይበላ ምግብ ስለ ነበረ፣ ይህ ለውጥ ሥራን ብቻ ሳይሆን ማዕድንም የሚነካ ነው። ጀልባውም ዓሣ ብቻ አልጫነም፤ ከዳር ወደ ዳር ሰው ያሻግራል። በበጋ ብቻ ይከፈት የነበረው መንገድ በክረምትም ተከፈተ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጥቅም እያመሰገኑ፣ ጉዳቱን አለመዘንጋት ይገባል። ውኃው የተኛው ሰው በማያውቀው ስፍራ ላይ አይደለም። በወንዙ ዳር የነበሩ ማሳዎች፣ የከብት ግጦሽ፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችና መሻገሪያዎች ሁሉ በሥሩ ቀርተዋል። የሐይቁ ውኃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚሸሽ ዳርቻው የጸና አይደለም፤ የመረቡ ዓይን ካልተወሰነም ያላደገ ዓሣ ተጠምዶ ሀብቱ ሊያልቅ ይችላል። ጀልባ አለኝታ የሚሆነውም ሰላም ሲኖር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ብዙ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለው በሰቆጣና በአካባቢዋ በመጠለያ ኖረዋል፤ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው የተከዜ ድልድይም በ2013 ዓ.ም. ፈርሷል። ያ ወንዝ በዔዛና ዘመን እንደ ነበረው ሁሉ እንደገና የጦር ወሰን ሆነ።

በሕንድ ወንዞች ላይ እንደሚደረገው፣ ወደፊት ጎብኝዎች በተከዜ ሐይቅ ላይ በጀልባ እየሄዱ ገደሉን፣ ጉማሬውን፣ የዕጣኑን ኮረብታና መንደሮቹን ይጎበኙ ዘንድ ቢታሰብ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዞ ላይ መሪ ሊሆን የሚገባው ሸለቆው ሐይቅ ሳይሆን በእግሩ ያወቀው ሰው ነው። ጎብኝው የሚያየው የውኃውን ገጽ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አገር የሚናገርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

ከጎብኝዎቹም መምጣት የሚቀድም ሥራ አለ። ንጉሥ ዔዛና የአንድ መሻገሪያ ስም በድንጋይ ስላስቀረጸ፣ ከማልኬ ከ1,600 ዓመት በላይ ስሟ ሳይጠፋ ኖራለች። በ2002 ዓ.ም. በሐይቁ ሥር የቀሩት የአበርገሌና የዝቋላ መሻገሪያዎች ግን በሽማግሌዎች ልብ ላይ እንጂ በድንጋይ ላይ አልተቀረጹም። የእነርሱን ስም በኽምጣንጛና በአማርኛ መዝግቦ፣ ማን በየት በኩል ይሻገር እንደ ነበረ ከሚያስታውሱት አፍ ተቀብሎ መጻፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን በምንም ወጪ አይገኝም።